የእትዬ ተራ

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከተራገፈ ጆንያ የጌሾ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያ መራራ ሽታ ሳላስበው ቡሬ አጠገብ ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ አንዲት መበለት ጎረቤታችን ቤት ይዞኝ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነበር የሚላቸው። እስኪ ልንገርህ፤ ዛሬም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ነገር ነው።

እናቴና እትዬ የአንድ ማርያም ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ነበር። በየወሩ ተረኛዋ ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ማኅበርተኛውን ታበላለች። የእትዬ ባል ከሞቱ፣ በዚያ ላይ ማሳቸውን በረዶ ከመታው ወዲህ ግን እሳቸውና ልጆቻቸው በጎመን ነበር የሚያድሩት። ተራቸው ሲቃረብ ቤታችን መጥተው፣ «ጽዋውን ለሌላ ስጡት፤ እኔ ልውጣ» አሉ። እናቴ እህል ልስጥዎ ብትላቸው እንባቸው መጣ። «ማኅበርተኛ እንጂ ለማኝ አይደለሁም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዓይኔ ማመን አቃተው። እናቴ በነጋታው እኔን አስከትላ ሄደችና፣ «እትዬ፣ እንስራዎን ያውሱኝ፤ የእኔ ተሰነጠቀ» አለች። የእኛ እንስራ እኮ ደህናውን ጓዳ ተቀምጧል። እኔን ለትንሽ ቅጥፈት በአለንጋ የምትገርፈኝ ሴት ቆማ ዋሸች! ቀጥላ ሌላዋ ማኅበርተኛ መሶባቸውን፣ ሌላዋ አገልግላቸውን ተውሳ ወሰደች። እትዬ አንዷንም አልከለከሉም። ቤቱ ምድጃና ቁርበት ብቻ ቀረው። እነዚህ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ደሃ ሲዘርፉ አየሁ ብዬ ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ የእኛ እንስራ እኮ...» ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አፍሽን ያዥ፣ አንች ልጅ። የማርያም ጽዋ የደሃ ቤት አይዘልም።»

እኔ ምን ገብቶኝ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።

የማኅበሩ ቀን ደረሰና ሴቶቹ የተዋሱትን ይዘው ተከታትለው መጡ። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ግን አላሰብኩትም። እንስራው ጠላ፣ መሶቡ እንጀራና ድፎ ዳቦ፣ አገልግሉ ወጥ ሞልቶ ገባ። «ዕቃዎ በጀኝ እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። እትዬም ኮራ ብለው፣ «ምነው ቆያችሁብኝ» እያሉ ይቀበላሉ። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ ጠፋብኝ፤ ደስታዬም ድንጋጤዬም ተቀላቀለብኝ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ባረኩ። የሴቶቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ የሚተርፈው ለእትዬ ልጆች የሰሞን ቀለብ ይሆናል። እትዬ ግን ከሁሉ ትልቁን ድፎ ብድግ አደረጉ። ወጥ የሞላውንም አገልግል አነገቱ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ሊወስዱ ተነሡ።

አንዷ ደንግጣ፣ «ኧረ እትዬ፣ ለልጆቹ ይተዉት» አለች።

እትዬ ደጃፉ ላይ ዘወር አሉ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ድግሱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «የእኛ» ቢሏቸው ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ፤ እሳቸውም ያን ቀን ለማኝ ሆነው ቀሩ። ዛሬ እናቴም እትዬም አፈር ለብሰዋል፤ ያ ጥያቄ ግን አሁንም ያስጨንቀኛል።

የመለሰችው እናቴ ናት። «የእርስዎ ነው፣ እትዬ» አለች።

«እንግዲያ እስክመለስ ጠብቁኝ» አሉና ዳቦውን ይዘው ወጡ። ቄሱም ሳይቀሩ፣ እሳቸው ተመልሰው «ብሉ» እስኪሉን ድረስ ማናችንም እጃችንን ወደ መሶቡ አልሰደድንም።