ስልጆው የተቀመሰ ዕለት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። የፔሳሕ በዓል ወጥቶ ሙቀቱ የጀመረ ሰሞን ነበር። ሲወራ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብነግራት፣ "በዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትቃጠዪው?" አለችኝ። አዎ፣ በዚህ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንግዲህ የሰማ ይፍረድ።

የምኖረው ቂርያት ዔቅሮን ነው። የምሠራው ደግሞ ረሆቮት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ልዩ ልዩ ማባያ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ቀማሾች አሉን፤ ማባያው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እየቀመሱ አስተያየት ይሰጣሉ። እኔ ማንኪያና ኩባያ አዘጋጃለሁ፣ የሚቀመሰውን አቀርባለሁ፣ ዕቃውን አጥባለሁ። ገዢዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ ቅምሻው የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ኃላፊያችን ዳፍና ገና እንደገባሁ፣ "ቢያንስ የጣዕም ቃላቱን እወቂ" አለችኝ። ልጄ ሺራ ተማሪ ናት፤ እሷ አስጠናችኝ።

መቼም ጉድ ነው! እኛ "ጣፈጠኝ" ብለን የምንገላገለውን እነሱ ስንት ቦታ ይከፋፍሉታል። ቴይስቲ የጣመ ነው፤ ዴሊሽየስ በጣም የጣፈጠ። ፕሌዘንት ደስ የሚል ነው፤ ኢንጆይ ደግሞ በልቶ መደሰት። የመጥላቱማ ይብሳል። ብላንድ ጣዕም የሌለው፣ ቢተር መራራ፣ አንፕሌዘንት ለአፍ የማይመች፣ ዲስጋስቲንግ አንጀት የሚያገለብጥ።

"ምግብ ለማጣጣል ይህን ያህል ቃል ምን ያደርግላቸዋል?" ስላት ሺራ ትስቃለች። "ኢማ፣ ያላ፣ አትፍረጂ፣ አጥኚ!" ትለኛለች፤ "እማ፣ በይ እንጂ" ማለቷ ነው። እኛ ቤት እህል አይነቀፍም። ጨው ቢበዛበት እንኳ ውሃ ጠጥቶ ዝም ነው። የሠራችው ሴት ቆማ እያየች "አልጣመኝም" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አይሁድ አገር ከመጣን ጀምሮ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖረች። "ይህን ጥረጊ፣ ያንን አንሺ" ከማለት በቀር፣ በዚህ አገር የምታውቀውን ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ባለሙያ ናት። በተለይ ስልጆዋ! የባቄላ ዱቄቱን በሱፍ ውሃ አብስላ፣ ስናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ ቀናት አቡክታ የምታወጣው ስልጆ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ዘመድ ሁሉ ከሩቅ እየመጣ ይወስድላት ነበር።

አንድ ቀን ምሳዬ ላይ ዳፍና ከዚያ ስልጆ ቀመሰች። "ይህን ማን ሠራው?" አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ከውጭ ገዢዎች እንደሚመጡ፣ እናቴ ስልጆዋን ይዛ ብትመጣ ደስ እንደሚላት፣ ከወደዱት በእናቴ ስም በጠርሙስ እንደሚወጣ ነገረችኝ።

ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን አስቀመጠች። ከዚያ፣ "የእኔን?" አለች።

"ያንቺን።"

"በእኔ ስም?"

"ባንቺ ስም፣ እማዬ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን በእግሯ ስትሮጥ አላየኋትም። ወዲያው ባቄላ ልታመጣ ወጣች።

እኔን ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ቀማሾች ይተፋሉ፤ ሊገዙ የሚመጡትም እንዲሁ። የሥራው ደንብ ነው። ሆዳቸው እንዳይሞላ፣ ምላሳቸውም እንዳይደነዝዝ፣ ቀምሰው አጠገባቸው በተቀመጠው ኩባያ ይተፉታል። ወርቅ የሆነ ነገር ቢቀርብላቸውም ይተፉታል። እኔ ለምጄዋለሁ። ለእናቴ ግን "ይተፉታል" ብላት ከቤት አትወጣም፤ አውቃታለሁ።

ስለዚህ ዳፍናን ለመንኳት። "እናቴ ባለችበት አይትፉ። አንድ ማንኪያ ነው፣ ይዋጡት። ካልሆነም እሷን ይዤ ስወጣ ይትፉ" አልኳት።

"ቤሰደር፣ እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። በማግስቱ ደግሜ ነገርኳት። "ቤሰደር አልኩሽ እኮ!" አለች፣ ቆጣ ብላ።

ቀኑ ደርሶ አውቶቡስ ላይ ሳለን እናቴ፣ "ሲጣፍጣቸው ምን ይላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ዴሊሽየስ የሚለውን ቃል ነገርኳት። "ደሊሸስ፣ ደሊሸስ" እያለች በሳቅ ፈረሰች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማሰሮዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለች።

ሊገዙ የመጡት እንግዶች ሦስት ነበሩ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ተነሥተው እጅ ነሷት። ዳፍና ወንበር ብታቀርብላት አልቀመጥም አለች። በእኛ ወግ እንግዳ እየበላ ባለቤት አይቀመጥም። ስልጆውን በገዛ እጇ ቀድታ አቀረበችላቸውና፣ "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!" አለች። የነገረቻቸው ባይገባቸውም ሣቁላት።

መነጽር ያደረገው ሰውዬ ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ከዚያ አንገቱን እየነቀነቀ፣ "ዴሊሽየስ" አለ። ሴትየዋም፣ "ኦ፣ ዴሊሽየስ!" አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ቃሉን አውቃዋለች! እኔ ሳልተረጉምላት በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች።

ሰውዬው ኩባያውን አነሣና እንትፍ አለው። ሴትየዋም ተከተለችው። ሦስተኛውም እንዲሁ።

እናቴ ማሰሮዋን ሳበች፣ በጨርቁ ሸፈነች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸውና ወጣች። "ማ ቃራ? ምን ሆነች?" አለች ዳፍና። አየኋት። ያኔ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "ኦይ፣ ረሳሁት!" አለችኝ።

ረሳሁት! ከፈሰሰ አይታፈስ። እናቴን ለመድረስ እየሮጥኩ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ ብዙ ለፈለፍኩ። "እማዬ፣ ስሚኝ፣ ሥራቸው ነው። የጣፈጣቸውንም ይተፋሉ። ከንጉሥ ቤት ቢመጣም ይተፋሉ። ወደውታል፣ ቃሉን ራስሽ ሰምተሻል አይደል?"

"ሰምቻለሁ" አለች። "መውደዳቸውንም አይቻለሁ። ፊት አይዋሽም።"

"ታዲያ ምነው?"

ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ነገረችኝ።

አገር ቤት፣ ጎንደር ገጠር፣ እኔ ሳልወለድ ነው። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበረቻት። ሴትየዋ ታማ፣ አፏ መርሯት፣ እህል አልቀምስ ብላ ሰነበተችና፣ "ስልጆሽ አማረኝ" ብላ ላከችባት። ሥጋ የለበትም፤ ከአይሁድ ቤት ቢሄድም አያስነውርም። እናቴ ይዛላት ሄደች። ሴትየዋ ቀመሰች። "አፌን ከፈትሽልኝ፣ እጅሽ ይባረክ" አለቻት። ደግማ ስትጎርስ አማቷ ገቡ። "ትፊው! የቡዳ እጅ ነው፣ ትፊው!" ብለው ጮኹ። ሴትየዋ እናቴን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እግሯ ሥር ተፋችው።

በዚያ አገር እኛን ቡዳ ይሉን እንደነበር ማንም ያውቃል። እኔም ሰምቼ አድጌያለሁ። ይህን ታሪክ ግን እናቴ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

"ያችም ወዳው ነበር እኮ" አለችኝ። "ከልቧ ነበር የመረቀችኝ። ልጄ፣ ሰው ጥሞትም ይተፋል። የተፉት ስልጆውን አይደለም፣ እኔን ነው። ያን ጊዜ ቡዳ ናት ብለው ነው። እዚህ ደግሞ ምን ናት ብለው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቋንቋቸውን ተምረሻል።"

ያን ሁሉ ቃል አጥንቼ ለዚህ የሚሆን አንድም አላገኘሁም። እጇን ይዤ ቂርያት ዔቅሮን ደረስን። ማሰሮውን እንደተሸፈነ በር ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ማሰሮው ባዶ ነበር፤ ስልጆውን ማን እንደደፋው አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ ዳፍና እንግዶቹ በጣም እንደወደዱትና እንደሚፈልጉት ነገረችኝ። እናቴ፣ "በቃኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስልጆ አልሠራችም። ዘመድ ቢለምናት፣ "እጄ ደክሟል" ትላለች። ሌላውን ምግብ ሁሉ ትሠራለች፤ እሱን ብቻ አትሠራም። ባለፈው የወንድሜ ሚስት፣ "እማማ፣ ያስተምሩኝና እኔ ልሥራው" ብትላት፣ "ለምን ብለሽ ልጄ? ሌላ ነገር ላስተምርሽ" አለቻት። እሷ ስታልፍ ይህ ሙያ አብሯት ያልፋል። ሆዴን የሚበላኝ ይህ ነው።

በእንግዶቹ አልፈርድም። አላወቁም፣ ሥራቸውን ሠሩ። ዳፍናን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። መጥፎ ሰው ስለሆነች አይደለም። እንደ እሷ ላሉ ሰዎች የእኛ ሰው የሚለምናቸው ነገር ትንሽ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይረሱታል። ቤሰደር ብሎ መርሳት ለእነሱ ቀላል ነው።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ፤ እንጀራ ነው። ዳፍና አልፎ አልፎ፣ "እናትሽን ሰላም በያት፣ እውነት በጣም ጣፋጭ ነበር በያት" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ ግን አልነግራትም። ጣፋጭ መሆኑን እናቴ ድሮም ታውቃለች።