እስክሪብቶዬን ያላስቀመጥኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ የመዝሙር ካሴት ሲጎተት ሰማሁ። የባትሪው ድንጋይ እያለቀ ነው። ዘማሪዋ መጀመሪያ እንቅልፍ የያዛት መሰለች፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ወርዶ ወርዶ የወንድ ሆነ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን ሽንኩርቴን እንደያዝኩ ወደ ቴፑ ዞርኩ።

በርሲሳ ገመቹ ትዝ ብለውኝ ነው። በርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ባደግኩባት ትንሽ ከተማ ኡኬ ውስጥ አስተማሪን ሁሉ እንደዚያ ነበር የምንጠራው። የአርጆ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርኑ የተጣፈ ቡናማ ኮት ከላያቸው የማይወርድ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ከአንድ ቴፕ ጋር ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ጠዋት የባትሪ ድንጋዮቹን የክፍላችን መስኮት ላይ ደርድረው ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ ካሴቱን በእስክሪብቶ ያጠነጥኑታል። የሞቀው ባትሪ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ሌላው መምህር ዘሎ የሚያልፈው ትምህርት ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ያሰሙናል። በመጀመሪያው እስክሪብቶ መንካት ክልክል ነው፤ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን መስማት ብቻ። በሁለተኛው የያዝናትን አንዲት ቃል እንጽፋለን። በሦስተኛው የሰማነውን አጠገባችን ላለው ልጅ በፈለግነው ቋንቋ እንነግራለን። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ቤት አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ። ኦሮምኛ ስናገር የሚስቁብኝ ልጆች ነበሩ። በእንግሊዝኛው ግን ሁላችንም እኩል ባዶ ነበርን፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ያን ክፍለ ጊዜ የምወደው።

ሰባተኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን ከመጽሐፍ እያነበቡልን በረዶ ጣለ። ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አጠገቤ ያለችውን ልጅ እንኳ አልሰማትም። ድሮ እንዲህ ሲሆን ቆመው ይጠብቁ ነበር። ያን ቀን ግን ቀጠሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ገጽ ይገልጣሉ፤ ጨርሰውም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አንስተው የሰማ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ልጆቹ ቀልድ መሰላቸው። እኔ የፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ዓይናቸውን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም።

ሁሉም ሲወጣ ቀርቼ፣ በረዶ ነበር እኮ በርሲሳ፣ አልኳቸው ጮክ ብዬ። ዞረው በመስኮቱ አዩ። ሜዳው ነጭ ሆኗል። ከዚያ፣ ለእኔ ሲሉ በሚያወሩት አማርኛ፣ ጆሯቸው ከዓመት ወዲህ እየከዳቸው መሆኑን ነገሩኝ። ቢታወቅ ከክፍል ያወጧቸዋል፤ ከክፍል ከወጡ ደግሞ ከማን ጋር ይውላሉ? ተስማማን። ዝናብ ሲያይል፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ወይም ካሴቱ ሲጎተት እስክሪብቶዬን ዴስኩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ያቆማሉ። ለዚህ ሲባል እኔ ብቻ በመጀመሪያው ዙርም እስክሪብቶ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ማንም አላወቀብንም።

የወላጆች ቀን ሲደርስ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ይመረጥ ተባለ። እኔ ነኝ ብዬ ለአባቴ ሳይቀር ነግሬያለሁ። እሳቸው የዳቦ ቤቱን ልጅ ጫልቱን መረጡ። ጫልቱ ከእኔ በደንብ ታነብ ነበር፤ ዛሬ ይህን ማለት አይከብደኝም፤ ያኔ ግን አረርኩ። በማግስቱ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ትምህርታቸውን ሊገመግሙ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ቴፑ ተከፈተ። ሳምንቱን ደመና ስለነበር ድንጋዮቹ አልሞቁም፤ ትንሽ ሄዶ መጎተት ጀመረ። እሳቸውም አንዴ ማፈርን ይዩት፣ አልኩ በልቤ። ካሴቱ እንደ በሬ አጓራ፤ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። እሳቸው ቴፑ አጠገብ ቆመው፣ ትምህርቱ እንደሠመረለት ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለት ጊዜ ወደ እጄ ተመለከቱ። እስክሪብቶዬን አላስቀመጥኩም።

ሳምንት ሳይሞላ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። የተሰበረ ወንበርና አቧራ የጠጣ መጽሐፍ መሃል በሩን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ የክፍል መግቢያ ሰዓት ሲደርስ ተማሪው ሲያልፍ ያያሉ። ሄጄ ልነግራቸው እልና መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። እንዲህ እንዳልኩ ኡኬን የምለቅበት ጊዜ ደረሰ።

ነቀምቴ ለመምህርነት ልሠለጥን ስሄድ ቤታቸው ተሰናበትኳቸው። ያን ጊዜ ፈጽሞ አይሰሙም፤ ሰው የሚያናግራቸው ደብተር ላይ እየጻፈ ነው። እኔም ጻፍኩ። ካሴቱ ሲጎተት ሰምቻለሁ፣ በጫልቱ ቀንቼ ሆን ብዬ ነው ያላስቀመጥኩት አልኩ። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው ቀስ ብለው አነበቡት።

"ልጆቹ ሲስቁ አይቻለሁ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እስክሪብቶሽ ግን እጅሽ ላይ ነበር። አንቺን አመንኩ።"

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከአልጋቸው ስር ቴፑን አውጥተው ሰጡኝ፤ ድንጋዮቹ ፈስሰው እንዳያበላሹት ለብቻ በፌስታል ጠቅልለዋቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርጆ ተቀበሩ፤ እኔ የሰማሁት ሰው ሁሉ ከቀብር ከተመለሰ ወዲያ ነው። ቴፑ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ዛሬ በከኒሳ ቀሴ በተባለ የነቀምቴ ሰፈር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ካሴት ቀርቶ በስልክ ነው የማሰማው፤ ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው አንድ ልጅ እስክሪብቶ እንዲይዝ አደርጋለሁ። ሲያስቀምጥ አቆማለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ባልደረቦቼ ይገርማቸዋል፤ ጆሮዬ ደህና ነውና። ልማድ ነው እላቸዋለሁ። አንዳንዴ ማንም ሳያስቀምጥም አቆማለሁ።