ከአቶ ዱባለ በረት የተቀዳ ሽንት

ይታይሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ተጸያፊ ነበረች። ዝንብ ያረፈበት ወጥ ከቀረበላት ጦሟን ታድራለች። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ግን የደረሳት የእንስሳት ጤና ትምህርት ሆነ፤ እናቷም «እንጀራ ነው፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ተማሪ» ብለው ሸኟት። ተምራ ወጣች፣ መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ ተመደበች፣ አፍንጫዋ ግን ያው ነው።

በ2002 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሳያባራ አቶ ዱባለ አስጠሯት። አቶ ዱባለ አራት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው፤ የከተማው ሻይ ቤቶች በሙሉ ወተት የሚወስዱት ከእሳቸው ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስቱ ላሞች ጥጃ አጨንግፈው ነበር።

በረቱ ውስጥ ስትገባ ቦት ጫማዋ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ሽንትና እበት ውስጥ ሰመጠ። አይጦች በፉሩሽካው ጆንያ ላይ እንደ ቤተኛ ይመላለሳሉ። የላሞቹ ሽንት በቦይ ተንቆርቁሮ የሚወርደው ወደ ውኃ መጠጫው ገንዳ ነው። ከካቡ ጀርባ ሁለት ውሾች አንድ ነገር ይጓተታሉ፤ ጠጋ ብላ ብታይ ጠጉር ያላወጣ ጥጃ ነው።

«ጋሽ ዱባለ፣ ይህን ለምን አልቀበሩትም?»

«የሞተ ጥጃ ምን ሊያደርግ ነው? ውሾቹም ይጥገቡ እንጂ» አሉ፣ በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ።

ካጨነገፉት ላሞች አንዷን አለበቻት። ጡቷ ልፍስፍስ ብሏል፤ የወጣው ወተት እንደ መግል ቢጫና ወፍራም ነው፣ ደምም ጣል ጣል ብሎበታል። አቶ ዱባለ ግን ይህንኑ ከደኅናው ጋር ቀላቅለው ሲሸጡ ሰንብተዋል። ይታይሽ ጠዋት በሻይ ቤት የጠጣችው ወተት ትዝ ሲላት እንትፍ እንትፍ አለች።

የአራቱንም ደም ቀድታ ለምርመራ ላከች። ከወር በኋላ መልስ መጣ፦ ከበሽታ ነጻ ናቸው።

«ሰማሽ አይደል?» አሏት አቶ ዱባለ። «በሽታው ያለው አንቺ አፍንጫ ላይ ነው።»

ብዙ ሳይቆይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ወደቁ። ላሞቹን የሚያልቡት፣ አዛባውንም በባዶ እጃቸው የሚዝቁት እሳቸው ናቸው። ትኩሳት፣ የባት ሕመም፣ ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው አለ። ይታይሽ ልትጠይቃቸው ብትሄድ በጆሮዋ ሹክ አሏት፦ «ልጄ፣ ነውር ነው እንጂ፣ ሽንቴ እንደ ላሟ ወተት ደም ቀላቅሏል።»

ይታይሽም በማግስቱ መሐል ሜዳ ከተማ ወስዳቸው ለሐኪሙ ስለ ላሞቹ አንድ በአንድ ነገረችው። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ጀመረላቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ቆመው ሄዱ።

ይታይሽ ግን አልተወችውም። የላሞችን ውርጃ ለምታጠና ዶክተር እፀገነት ለምትባል ተመራማሪ ደወለች። ዶክተሯም ከአዲስ አበባ መጥታ በረቱን አየች።

«ደማቸው ነጻ ነው ተብሎ ነበር እኮ» አለቻት ይታይሽ።

«ላሞችን የሚያስጨነግፍ፣ ሰውንም የሚይዝ ሌፕቶስፒራ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ብዙ ነው። ደሙን የምንፈትነው በእጃችን ባሉት ዘሮች ነው፤ እነሱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የዚህ በረት ዘር ሌላ ከሆነ ምርመራው አያውቀውም። ክትባትም ቢመጣ ለማያውቀው ዘር አይሠራም። ነፍስ ያለውን ባክቴሪያ ከሽንታቸው ማግኘት አለብን።»

ላሞቹ የሚያሸና መርፌ ተወጉ። የፊተኛው ሽንት ይለፍና መካከለኛው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይቀዳል፤ የምትቀዳው ደግሞ ይታይሽ ናት። ሦስቱ በደኅና አለፉ። አራተኛዋ ቦራ፣ ጨርሶ ያላጨነገፈችው ወፍራሟ ላም፣ ሳል አላትና ስታስል ሽንቱ የይታይሽን ፊትና ከንፈር መታው። ይታይሽ ዕቃውን ለዶክተሯ አቀብላ በሩ ላይ አስታወከች። ዶክተሯ ፊቷን በሳሙና ደጋግማ አሳጠበቻት፤ መከላከያ ክኒንም አስዋጠቻት።

ሽንቱ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ባክቴሪያውን በሚያሳድግ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሃያ ቱቦ ተከፋፈለ። ባክቴሪያው ብርድ አይወድምና የመንዝ ውርጭ እንዳይገድለው ይታይሽ ቱቦዎቹን በጋቢዋ ውስጥ ደረቷ ላይ አስራ፣ ከዶክተሯ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡ እናት «እንኪ ልጄ፣ ቆሎ ቆርጥሚ» ቢሏት እጇን መዘርጋት አቃታት። ሦስት ጊዜ ታጥባዋለች፤ አሁንም የሚሸት ይመስላታል።

ባክቴሪያው ሲያድግ ቀርፋፋ ነው። አሥራ ስድስቱ ቱቦዎች ተበላሹ፤ ከአሥር ሳምንት በኋላ ከአራቱ ውስጥ ተገኘ። ይታይሽ ተጠርታ በማጉያው ስታይ፣ ጥቁር ሜዳ ላይ ጫፋቸው እንደ ሜንጦ የተቆለመመ የሚያበሩ ቀጫጭን ክሮች ይርመሰመሳሉ።

«ያምራሉ፣ አይደል?» አለቻት ዶክተር እፀገነት።

«አይ ዶክተር፣ ይቀፋሉ» አለች፤ ክንዷን ትፎክት ጀመር።

ተቀምጦ የነበረው ደም በአዲሱ ዘር እንደገና ሲፈተን አራቱም ላሞች ተይዘው ተገኙ። ባክቴሪያውን በብዛት የምትረጨው ደግሞ ቦራ ነበረች፤ በኩላሊቷ ተሸክማ፣ ሳትታመም።

አቶ ዱባለ ቦራ ለብቻዋ ታስራ ትታከም ሲባሉ እሺ አሉ። በገበያ ቀን ግን ጠጉሯን ቅቤ ቀብተው ሊሸጧት መሐል ሜዳ አወጧት። ይታይሽ ሰምታ ስትደርስ ከቀየት መንደር የመጣ አንድ ገበሬ ጥርሷን እያየ ነበር።

«አባቴ፣ ይህችን አይግዙ» አለችው። «ሽንቷ በሽታ ነው፤ ሌሎቹን ከብቶችዎን ታስወርዳለች።»

ገበሬው እጁን በጋቢው ጠርጎ ሄደ።

«ጉሮሮዬን ዘጋሽው» አሏት አቶ ዱባለ።

«እትዬ ደብሪቱን ሊቀብሯቸው ነበር እኮ፣ ጋሽ ዱባለ። አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ሚስት ትሙት?»

አቶ ዱባለ የቦራን ገመድ ስበው ወደ ዘመሮ አዞሯት። የቅቤው ሽታ ከእበቱ ይልቅ ከፍቶባት ይታይሽ ፊቷን አዞረች።

ቦራ ታክማ ሽንቷ ሁለት ጊዜ ተመረመረ፤ ጠራ። የዘመሮው ዘር ከምርመራው ዘሮች ጋር ተጨመረ፤ በዓመቱ ቀየት ላይ ነጻ ሊባሉ የነበሩ ሰባት ላሞች በእሱ ተለዩ። ከዚሁ ዘር የሚሠራው ክትባት ገና ሙከራ ላይ ነው ይባል ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ በበኩላቸው መሬቱ ድንጋይ ካልተነጠፈ፣ ቦዩም ከገንዳው ካልራቀ አላልብም አሉ። አቶ ዱባለ ሁለት ቀን ራሳቸው ሞከሩ፤ ላሞቹ ወተታቸውን ያዙባቸው። በሦስተኛው ቀን አህያቸውን እየነዱ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረዱ።