ውሃ ዳር የተተከለው ዱላ

ብስክሌት ጠጋኙን ሰፈርተኛው «አባ ቦቅቧቃ» ይለዋል። መኪና በማይገባበት የወንዝ ዳር ጠጠር መንገድ እንግዶችን በብስክሌት ሲመራ፣ መሻገሪያው ጋ ዱላ ይተክላል። ውሃው ዱላው ላይ ሽቅብ አለመውጣቱን ሳያይ ማንንም አያሻግርም። ሲስቁበት «የፈሪ እናት አታለቅስም» ይላል።

ዛሬ ጉልበቱን ስላመመው እንግዶቹን ይዛ የሄደችው ልጁ ናት።

«ዱላውን አደራ!» አላት።

«አባዬ ደግሞ! እረኛ ልታደርገኝ ነው?» ብላ ስቃ ወጣች።

እኩለ ቀን ላይ ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሕመሙን ረስቶ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ የወንዙ ጩኸት ከሩቅ ተቀበለው። መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ድፍርሱ ውሃ መንገዱን ውጦታል፤ የጎማዎቹ ዱካም ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ብስክሌቱን ጥሎ ልጁን እየተጣራ ወደ ውሃው ቀረበ።

ያኔ ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ ጎርፉ የሚያንቀጠቅጠው የዱላ ጫፍ አየ።

«አባዬ! ወደዚህ ና!»

ልጁ ከእንግዶቹ ጋር ከበላዩ ካለው ጉብታ ላይ ቆማለች። ውሃው የዋጠው መጀመሪያ ዱላውን ተክለው የጠበቁበትን ቦታ ነበር፤ ዱላው ላይ ሽቅብ ሲወጣ አይታ ወደ ጉብታው መለሰቻቸው።

እያነከሰ ወጣና እጇን ያዘ።

«አንተ ስላልነበርክ ፈራሁ» አለችው።

«እሰይ» አላት።