ከእድሩ ድልድይ የነቀልኩት ግንድ

የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቷን ታቅፋ መጥታ፣ «ኦቨርፓስ ማለት ከመንገድ በላይ የሚያልፍ ድልድይ ነው፤ መኪናም እግረኛም ይሻገርበታል» ብላ አነበበችልኝ። ማን እንደሚከለከል አልተጻፈም። እኔ ቃሉን የሰማሁት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ከአንድ የመንገድ ቀያሽ አፍ ነው።

አዲሱ መንገድ ጉብታውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ሰፈራችንን ለሁለት ከፈለው። ገበያው ወዲያ ማዶ ቀረ። እድሩ ከየቤቱ አንድ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አዋጥቶ ከአፋፍ አፋፍ ዘረጋ። የጭነት መኪና ከሥር፣ እኛ ከላይ። ቀያሹ አይቶ ሳቀና፣ «ይኼማ ኦቨርፓስ ነው!» አለ።

ከጎረቤቶቼ አንዷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በሙያዋ ንቀዋት እድር አላስገቧትም፤ ግንድም አልጠየቋትም። ክረምት ላይ እንስራ አዝላ ልትሻገር ስትል የእድሩ ዳኛ በዱላው ዘጋባት።

«ያላዋጣ አይሻገርም።»

«መቼ ጠየቃችኋት?» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባል የለሽም እንዴ?»

«ባሌ ምን ያደርግልዎታል? ግንዱን ከጓሮዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በእኔ ግንድ ትሻገር!»

«የቱ ነው ያንቺ? ስምሽ ተጽፎበታል?»

ሰዉ አውካካ። ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን እንዳዘለች በቁልቁለቱ ወደ ጭቃው ወረደች። እኔ ከወንድሜ ጋር ዲጂኖ ይዤ ተመለስኩና መሀለኛውን ግንድ፣ የራሴን፣ ነቅዬ ወደ ቤቴ አስጎተትኩት። ክፍተቱ ሰው ወደ ታች ያሾልካል። ሰፈሩ ሁሉ በጭቃ መውረድ ጀመረ። ፍርድ የሰጠሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

እኔን ግን ማንም አልሰደበኝም። «በሷ ጦስ ነው» ብለው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞሩ። ገበያ ላይ እንስራዋን የሚያነሳ ጠፋ። በሳምንቱ አጥሬ ሥር መጥታ ቆመች። በዕድሜ ብትበልጠኝም እሷ አንቱ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ። ያኔ ይኼ አልታየኝም።

«እሜቴ፣ ስለ ማርያም ብለው ግንዱን ይመልሱት።»

«እንደገና እንዲከለክሉሽ?»

«መከልከሉንማ ለምጄዋለሁ። አሁን ልጆቼ ጦማቸውን አደሩ። እርስዎ ተጣሉ፣ የምቀጣው እኔ። ልጣላልሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል?»

ግንዱን በማግስቱ መለስኩት፤ ዳኛው በፌዝ ፈገግ ብሎ እያየኝ። እሷ እንደ ቀድሞው እንስራዋን አዝላ በቁልቁለቱ ወረደች። አብሬያት ልውረድ ብዬ እግሬን ሳነሳ፣ ቀና ብላ በእጇ ከለከለችኝ።