የሁለቱ መርማሪዎች ዝምድና

ቡታጅራ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ድፍረቴ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። የማይክ አያያዝ የለመድኩት ቸርች ውስጥ ስብከት የሚያስተረጉሙትን እያየሁ ነው። ጓደኛዬ፣ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ፣ የሁለቱ መርማሪዎች ኮሜዲ ሲታይ አብሮኝ ይቀመጣል። እሱ ለቀጭኑ መርማሪ ይናገራል፣ እኔ ለወፍራሙ።

መርማሪዎቹ ሌባ ከመያዝ ይልቅ እርስ በርስ መነታረክ ይቀናቸዋል። በክፍል አንድ መጨረሻ ግን ወፍራሙ ለቀጭኑ ሲል ጥይት ፊት ቆመ። ከፊት አግዳሚ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ፣ «ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፊልሙ አይናገርም። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አልወድም።

«የአክስቱ ልጅ ነው» አልኩ። ቤቱ በሙሉ ተረጋጋ።

ክፍል ሁለት የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስንስቅ ቆይተን መሃል ላይ ወፍራሙ የቀጭኑን እህት ወደደ። እህቱ መሆኗን ራሴ ተርጉሜያለሁ። ቀለበት አወጣና ተንበረከከ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ የአክስት ልጅ እህት ናት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«የአክስቱን ልጅ? ነውር ነው! አጥፋው!»

ሌላውም እየተነሣ ወደ በሩ ማየት ጀመረ። የማደጎ ልጅ ናት ልበል ብዬ አሰብኩ፤ ማደጎም ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ተቆጥተው ከወጡ ከዚያ በኋላ ቃሌን የሚያምን አይኖርም፤ የማይታመን ተርጓሚ ደግሞ ማንም አይፈልግም።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አልኩ በማይኩ። «አይዛመዱም። ዝምድናውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «ሳይዛመዱ ነው ጥይት ፊት የቆመለት?»

«አዎ አባባ፣ ሳይዛመዱ።»

በአንድ ማይክ ላይ የተደፋነውን እኔንና ጓደኛዬን ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ጓደኛዬን በከዘራቸው ጠቆሙት።

«ታዲያ አንተ ምን ትጠብቃለህ? እህትህን ስጠው እንጂ!»

ቴሌቪዥኑ ላይ ቀጭኑ መርማሪ እምቢ እያለ ይጮኻል። ጓደኛዬ ማይኩን ከእጄ ወሰደ።

«ሰጥቼዋለሁ» አለ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አላረምኩትም።