እማማ የሺወርቅ ያልበሉበት ቤት

«የሰማንያ ቀን አበባ፣
ውሃ ነክቷት ስትገባ…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶባቸዋል። እማማ የሺወርቅ ሽሮ ሲነፉም፣ ነቀምቴ ገበያ በርበሬ ሲሰፍሩም እነዚህኑ ሁለት ስንኞች ያንጎራጉራሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዜማው ብቻውን ይሄዳል። ቀድሞ ኪራሙ ሲኖሩ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የሚዘፈን ነበር። ለልጃቸው ለመታሰቢያ ዘፍነውታል። ለልጅ ልጃቸው ለዱረቲ ግን አልዘፈኑትም።

አማቻቸው ጋሩማ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አያጠምቅም። «አድጋ፣ ገብቷት፣ ራሷ አምና ትጠመቅ» አለ። ሰማንያኛው ቀን ውሃ ሳይነካት ሲያልፍ፣ እማማ የሺወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እንግዲያው ይቺ ልጅ እስክትጠመቅ ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም» ብለው ማሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሞላ። ከኪራሙ ተፈናቅለው ነቀምቴ ከልጃቸው ጓሮ ባለች ክፍል መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንኳ፣ ማዕድ ሲቀርብ ፈንጠር ብለው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። መታሰቢያ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች።

አንድ ቅዳሜ ዱረቲ በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። በማግስቱ በጉቴ መንገድ ካለው ወንዝ አሥራ አንድ ሰው ይጠመቃል፤ ስሟ ተጽፏል፣ የቀራት በጥያቄ መፈተን ብቻ ነው። አያቷ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ልጅቱ የጥያቄውን ሁሉ መልስ እንደ ውሃ አንቆረቆረችው። ያኔ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ኦቦ ጃራ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን አባትሽ አስጠንቶሻል፤ አፉን አውቀዋለሁ። አሁን ያንቺን ንገሪኝ። ለምንድን ነው የምትጠመቂው?»

ዱረቲ ጣቶቿን አጠላለፈች። ጋሩማ ጎሮሮውን ጠረገ።

«አንተ፣ የባጃጅህን ጥሩምባ ተውልን» አሉት ኦቦ ጃራ።

«አኮ እኛ ቤት እንድትበላ» አለች ልጅቱ። አያቷን በኦሮምኛ አኮ ነው የምትላቸው። «እኔ ከተጠመቅኩ ትበላለች። እናቴም አታለቅስም።»

«ኢየሱስስ?»

«እወደዋለሁ። ግን… አኮ ቀድማ ትመጣብኛለች።»

ኦቦ ጃራ እርሳስ አንስተው ስሟን በቀስታ ሰረዙ። «አልተቆጣሁሽም ልጄ። የራስሽ ሲሆን ትመጫለሽ።»

እማማ የሺወርቅ ሊቆጡ ብድግ አሉ። ግን የልጅቱ ቀጭን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ለነፍሷ ብለው የማሉት መሐላ፣ በነፍሷና በአምላኳ መካከል ተገትሮ አገኙት።

ጋሩማ በባጃጁ ወደ ቤት ወሰዳቸው። ቤት ሲደርሱ መታሰቢያ ቅቤ የጠጣ የአንጮቴ ሥር ቅቅል አቀረበች፤ እንደ ልማዷ ለሦስት ሰው። እማማ የሺወርቅ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ዱረቲ።»

«አቤት፣ አኮ።»

«መጠመቅም አለመጠመቅም ያንቺና የአምላክሽ ነው። ከእንግዲህ በኔ ሆድ አታመካኚ።»

«እማዬ፣ መሐላውስ?» አለች መታሰቢያ እየፈራች።

«ንስሐ እገባበታለሁ። እኔን ይጠይቀኝ፤ በእሷ ላይ አይያዝብኝ።»

ጋሩማ ማስታጠቢያውን ይዞ ቀረበ። ተጣድፎ ውሃውን በጉልበታቸው ላይ አፈሰሰው።

«አሁን እኔን ልታጠምቀኝ ነው እንዴ?» አሉት።

ታጥበው፣ ከዱረቲ ጎን ተቀምጠው ቆረሱ።